የማይቆመው ስንኝ
በሼክስፒር ድርሰቶች ምርመራ ውስጥ ተሻጋሪ ስንኝን ለይቶ የማወቅ ታሪክ

ዊልያም ሼክስፒር በ1616 ሲሞት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ከቴአትር ድርሰቶቹ ግማሽ ያህሉ ገና ለኅትመት አልበቁም ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ፥ በ1623፥ የሙያ ባልደረቦቹ የነበሩት ተዋንያን ጆን ሄሚንጅስና ሄንሪ ኮንዴል 36 ድርሰቶችን በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ሰብስበው አሳተሙ። ይህ መጽሐፍ ባይኖር ማክቤዝም ሆነ አንቶኒና ክሊዎፓትራ ለተከታዩ ትውልድ መድረሳቸው አጠራጣሪ ነበር። የሁለቱ ተዋንያን ውለታ ይህን ያህል ከፍ ያለ ይሁን እንጂ፥ ድርሰቶቹን የደረደሩት በተጻፉበት ዘመን ሳይሆን አስቂኝ፥ ታሪካዊና አሳዛኝ እያሉ በዓይነት ከፍለው ነው። ከዚህም የተነሣ መጽሐፉን የሚገልጥ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው «ማዕበሉ» የተባለውን ድርሰት ሆነ። ይህ ድርሰት ግን በ1609 ቤርሙዳ ደሴት አጠገብ ስለ ደረሰ የመርከብ አደጋ የተጻፈውን ወሬ የሚያውቅ፥ በኖቬምበር 1 ቀን 1611 በንጉሡ ፊት የታየ፥ ከደራሲው የመጨረሻ ሥራዎች አንዱ ነው። የፍጻሜው ድርሰት በመግቢያው በር ላይ ቆሞ ቀረ ማለት ነው።

ሼክስፒር የዕለት ማስታወሻ አልተወም፤ ስለ ሥራው ለወዳጅ የጻፈው ደብዳቤም አልተገኘም። አንድ ደራሲ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ደረሰ፥ ምን ጥሎ ምን እንዳነሣ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የቀረው መንገድ ድርሰቶቹን እርስ በርሳቸው ማስተያየት ብቻ ነበር። በዚህ ፍለጋ ውስጥ ከተገኙት ምስክሮች አንዱ፥ ከሁሉም ይልቅ ያከራከረው፥ እጅግ ትንሽ የሚመስል ነገር ነው፤ ይኸውም ስንኙ በመጨረሻው ላይ ይቆማል ወይስ አይቆምም የሚለው ጥያቄ ነው።

ነገሩን በአማርኛ ማየት ይቀላል። የሚከተሉት ሁለት ስንኞች ለማስረዳት ያህል ብቻ የተቀነባበሩ ናቸው።

ጠላት በሩ ላይ ነው፤ አድፍጦ ይጠብቃል፤
ልጁ ግን ሌላውን መንገድ ቀድሞ ያውቃል።

እዚህ ላይ እያንዳንዱ ስንኝ ሐሳቡን ጨርሶ ያርፋል። ቤቱም፥ ትንፋሹም፥ ሰዋስዉም በአንድ ቦታ ተገናኝተው ይቆማሉ። ይህንኑ ነገር በሌላ መልክ ማለት ግን ይቻላል።

በሩ ላይ አድፍጦ ጠላት የሚጠብቀው
ልጅ ዛሬም አልመጣም፤ ማን አስጠነቀቀው?

የመጀመሪያው ስንኝ ልኩን ሞልቷል፤ ለሚመጣውም ቤት ድምፁን ሰጥቷል። ይሁን እንጂ «የሚጠብቀው» የሚለው ቃል ማንን እንደሚገልጥ አልተናገረም፤ «ልጅ» የተባለው ስም ከሚቀጥለው ስንኝ ራስ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። አንባቢው እግሩን አንሥቶ ከአንዱ ስንኝ ወደ ሌላው መሻገር አለበት። ፈረንሳዮች ለዚህ አካሄድ ያወጡለት ስም እግር ከሚለው ቃል የተገኘ ሲሆን መራመድን፥ አልፎ መሄድን ያመለክታል፤ እንግሊዞችም ይህንኑ ተውሰውታል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ተሻጋሪ ስንኝ ይባላል።

ከሁለተኛው ምሳሌ ጋር የሚከራከር ሰው አይኖርም። ችግሩ ያለው በመካከል ባሉት ስንኞች ላይ ነው። አማርኛ ግሡን እስከ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ የሚያቆይ ቋንቋ ስለሆነ፥ ግሥ ያልደረሰበትን ስንኝ ሁሉ ተሻጋሪ ነው ብሎ የሚቈጥር ሰው ቢነሣ፥ ባለቤቱን በፊተኛው ግሡን በኋለኛው ስንኝ የሚያኖር የቆየ ግጥም በሙሉ ተሻጋሪ ሊሆንበት ነው። ጆሮ ግን እንዲህ አይፈርድም። ባለቤቱ ከነቅጽሉ ተሟልቶ ከተነገረ በኋላ አንባቢ ጥቂት ቢያርፍ ማንም አይታወክም፤ ገላጩን ከተገላጩ የለየ እንደ ሆነ ግን ወዲያው ይሰማል። ስለዚህ ስንኝ መሻገሩን ለማወቅ ሰዋስው ብቻውን ዳኛ አይሆንም። ሥርዓተ ነጥብም ብቻውን አይበቃም፤ የዚህን ምክንያት ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ወደ እንግሊዝ አገር ስንመለስ፥ ሼክስፒር የጻፈበት ቤት የሌለው ግጥም በዚያ ዘመን ገና አዲስ ነበር። እያንዳንዱ ስንኝ በመሠረቱ አሥር ቀለማት ሲኖሩት፥ ከእነዚህ ውስጥ አምስቱ ጠበቅ ብለው ይነበባሉ። ይህን መልክ ወደ እንግሊዝኛ ያስገባው የሰሪው መስፍን ሄንሪ ሃዋርድ ሲሆን፥ የሮማዊውን የቨርጂልን ኤኔይድ ሁለት መጻሕፍት በዚሁ ልክ መልሷል፤ እርሱም በ1547 በሞት ተቀጣ። ወደ መድረክ የወጣው ደግሞ በ1561 መጨረሻና በ1562 መጀመሪያ በታየው ጎርቦዱክ በተባለው ድርሰት ነው። በእነዚህ በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ገጣሚው ቤት ባይመታም ቤት እንዳለው ያህል በየስንኙ መጨረሻ ይቆም ነበር። ክሪስቶፈር ማርሎ በ1580ዎቹ መጨረሻ ይህን ልክ ነጐድጓድ አደረገው፤ ነጐድጓዱ ግን በአብዛኛው በየስንኙ እያረፈ የሚነጐድ ነበር።

ቤት የሌለውን ግጥም ከዝርው ንግግር የሚለየው ልኩ ብቻ ነውና፥ የስንኙ ድንበር ከተጣሰ ምን ይቀራል የሚለው ጥያቄ አንባቢዎችን ሲያስጨንቅ ኖሯል። ሚልተን በ1667 የገነት መጥፋትን ሲያወጣ ሐሳብን ከስንኝ ወደ ስንኝ ማሳለፍን ሥርዓቱ አደረገ፤ በሚቀጥለው ዓመትም በመጽሐፉ ላይ በተጨመረ አጭር ማስታወሻ ይህንኑ ሆን ብሎ እንዳደረገው አስታወቀ። ከመቶ ዓመት በኋላ ሳሙኤል ጆንሰን በ1779 የሚልተንን ሕይወት ሲጽፍ፥ ስንኙ የት እንደሚያልቅ ለአድማጭ ማሰማት የሚችሉ አንባቢዎች ጥቂቶች መሆናቸውን አመለከተ፤ እንዲህ ያለው ግጥም ለዓይን ብቻ ግጥም ነው የሚለውን የሌላ ሰው አስተያየትም በስምምነት ጠቀሰ። ጆንሰን ወደ ነቀፋ ያዘነበለ ይሁን እንጂ፥ የተሻጋሪ ስንኝ ጉዳይ የጽሕፈት ብቻ ሳይሆን የማንበብና የመስማትም ጉዳይ መሆኑን ከብዙዎቹ በፊት አይቶታል።

በፈረንሳይ ክርክሩ ከዚህ የበረታ ነበር። በዚያ ሕጉ ጥብቅ ስለነበረ፥ ኒኮላ ቧሎ በ1674 ባወጣው የግጥም ጥበብ መጽሐፍ ማሌርብን ካመሰገነባቸው ነገሮች አንዱ ስንኝ በስንኝ ላይ እንዳይሻገር ማስቆሙ ነው። ቪክቶር ሁጎ በፌብሩዋሪ 25 ቀን 1830 ኤርናኒን ለመድረክ ሲያበቃ ገና በመክፈቻው ስሙን በአንዱ ስንኝ መጨረሻ፥ ቅጽሉን በሚቀጥለው ራስ ላይ አኖረ፤ የቴአትር ቤቱ ጩኸትም ከዚያው ጀመረ። በእንግሊዝ ግን ሕጉ ስላልነበረ ጩኸትም አልነበረም። ስለዚህ ሼክስፒር ቀስ በቀስ ያደረገውን ለውጥ በዘመኑ የነበረ ሰው ልብ ብሎ የመዘገበው አይመስልም።

የድርሰቶቹን ቅደም ተከተል በሥርዓት ለመመርመር የመጀመሪያው ኤድመንድ ማሎን ነው፤ ጥናቱም በ1778 ወጣ። ማሎን በዋናነት የተመራው በውጭ ማስረጃዎች፥ ማለትም በኅትመት መዝገቦች፥ በዘመኑ ሰዎች ጥቅሶችና በታሪክ ድርጊቶች ቢሆንም፥ ቤት የሚመቱ ስንኞች የበዙባቸውን ድርሰቶች ወደ መጀመሪያው ዘመን መሳብ እንደሚገባ ተመልክቶ ነበር። ቻርልስ ባተርስት ደግሞ በ1857 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ የስንኙን አቋም ራሱን መረመረ፤ የመጀመሪያዎቹ ድርሰቶች በስንኝ መጨረሻ እየቆሙ እንደሚሄዱ፥ የኋለኞቹ ግን በመካከል እየተሰበሩ ወደሚቀጥለው እንደሚፈስሱ አሳየ። ባተርስት አልቈጠረም፤ አነበበ እንጂ።

መቍጠር የጀመረው የሚቀጥለው ትውልድ ነው። ፍሬዴሪክ ጀምስ ፈርኒቫል ማኅበር ማቋቋም የማይሰለቸው ሰው ነበር፤ የቀድሞ እንግሊዝኛ ጽሑፎችን የሚያሳትም ማኅበር በ1864፥ የቾሰርን ማኅበር በ1868 ካቋቋመ በኋላ በ1873 አዲሱን የሼክስፒር ማኅበር መሠረተ። በማርች 13 ቀን 1874 በተደረገው የመጀመሪያ ስብሰባ ጽሑፍ ያነበበው ፍሬዴሪክ ፍሌይ ነበር። ፍሌይ በኬምብሪጅ የሒሳብ ትምህርት የቀሰመ የትምህርት ቤት መምህር ሲሆን፥ እንደ ኬሚስት ሚዛን ይዞ የመጣ ያህል ቤት የሚመቱትን፥ አሥራ አንደኛ ቀለም የተጨመረባቸውን፥ ልካቸው የጐደለባቸውን ስንኞች ሁሉ ቈጥሮ በሠንጠረዥ አቀረበ። ፈርኒቫል ደግሞ የሚቆሙትንና የሚሻገሩትን ስንኞች መለየት ከሌላው ሁሉ የተሻለ መመዘኛ ነው ብሎ አጥብቆ ያዘ። በ1877 ለአንድ የሼክስፒር ሥራዎች ስብስብ በጻፈው መግቢያም ቍጥሮቹን ሰጠ፤ ከመጀመሪያዎቹ ድርሰቶች አንዱ በሆነው «የፍቅር ድካም ከንቱ ቀረ» ውስጥ የተሻጋሪው ስንኝ መጠን 1 በ18.14፥ በማዕበሉ ግን 1 በ3.02 ነው አለ።

እነዚህ ቍጥሮች ሲታዩ ያስገርማሉ። አንድ ጸሐፊ በሃያ ዓመት ውስጥ፥ ማንም ሳይነግረው፥ ምናልባትም እርሱ ራሱ ሳይታወቀው፥ ሐሳቡን ከስንኙ ሣጥን እያወጣ መሄዱን በቍጥር አዩት። ሰው የወጣትነቱን እጅ ጽሑፍ በሽምግልናው መልሶ መጻፍ እንደማይችል ሁሉ የስንኝ አካሄድም የዕድሜ ምልክት ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ ከዚህ ተነሣ።

ይህ ሁሉ ያልተዋጠለት ገጣሚው አልጀርነን ስዊንበርን ነበር። ግጥም በጆሮ እንጂ በጣት ተቈጥሮ አይፈረድም ባይ ነበረ፤ በ1876 የማኅበሩን ስብሰባ የሚያፌዝ ጽሑፍ አውጥቶ፥ በ1880 ደግሞ ስለ ሼክስፒር ባሳተመው መጽሐፍ ክርክሩን አጠነከረ። ጠቡ ከስንኝ ወርዶ ስም ወደ ማጠልሸት ደረሰ። ፈርኒቫል የስዊንበርንን ስም «የአሳማ ወንዝ» ብሎ ሲተረጕመው፥ ስዊንበርን በፈንታው የፈርኒቫልን ስም በላቲን አፈራርሶ በአደባባይ የማይደገም ትርጕም ሰጠው። ፈርኒቫል በሌሎች ሊቃውንትም ላይ ብዕሩን ስላሾለ በ1881 በርከት ያሉ የማኅበሩ ምክትል ሊቃነ መናብርት ስማቸውን አነሡ፤ ማኅበሩም እየተዳከመ ሄዶ በ1894 አበቃ። የሙያ ማኅበር በሐሳብ ልዩነት ሳይሆን በአነጋገር ሲፈርስ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም።

ይሁንና የስዊንበርን ንቀት ካልመለሰው ነገር ውስጥ ዋናው፥ ቍጥሩ ራሱ ምን ያህል አስተማማኝ ነው የሚለው ነበር። ለዚህ መልስ የሰጠው፥ ሳያስበው፥ ጀርመናዊው ኮኒግ ነው። ኮኒግ በ1888 በሼክስፒር ድርሰቶች ልክ ላይ ባሳተመው ጥናት ተሻጋሪዎቹን ስንኞች በመቶኛ አስልቶ አቀረበ። ማዕበሉ በእርሱ ቈጠራ ከመቶ 41.5 ሲሆን «የፍቅር ድካም ከንቱ ቀረ» 18.4 ነው። እንግዲህ ከፈርኒቫል ጋር እናስተያየው። የፈርኒቫል መጠን ወደ መቶኛ ሲለወጥ የመጀመሪያው ድርሰት ከአምስት ወይም ከስድስት አያልፍም፤ ማዕበሉም ቢበዛ ሠላሳ ሦስት ያህል ነው። አንድ መጽሐፍ፥ አንድ ስንኝ፥ ሁለት ቈጣሪዎች፤ ነገር ግን የአንዱ ውጤት የሌላውን ከሦስት እጅ በላይ ሆኖ ተገኘ።

ከሁለቱ አንዱ ቸል ብሏል ማለት አይደለም። ፈርኒቫል ተሻጋሪ የሚለው ድምፁ ከቶ ማረፍ የማይችልበትን ስንኝ ሲሆን፥ ኮኒግ ዐረፍተ ነገሩ ጎልቶ ያልተከፈለበትን ጭምር ያካተተ ይመስላል። በባለቤቱና በግሡ መካከል የወደቀ የስንኝ ድንበር ለአንዱ ማረፊያ ነው፤ ለሌላው መሸጋገሪያ። ከላይ በአማርኛው ምሳሌ የታየው ችግር ይኸው ነው። ደግነቱ ሁለቱም ሰዎች እያንዳንዳቸው ለራሳቸው መለኪያ የታመኑ ስለሆኑ የለውጡ አቅጣጫ አልተዛባም፤ በአንዱም በሌላውም ሠንጠረዥ የመጀመሪያዎቹ ድርሰቶች ዝቅ፥ የኋለኞቹ ከፍ ይላሉ። በኮኒግ ቈጠራ ሐምሌት 23.1፥ ኪንግ ሊር 29.3፥ ማክቤዝ 36.6፥ አንቶኒና ክሊዎፓትራ 43.3 ነው። ስሕተት የሚመጣው የአንዱን ሰው ቍጥር ከሌላው ቍጥር ጋር አጋጭቶ ዓመት ለማውጣት ሲሞከር ነው።

ለምን በሥርዓተ ነጥቡ አይፈረድም የሚል ቢኖር መልሱ ቀላል ነው፤ ነጥቡ የሼክስፒር መሆኑ አይታወቅም። በ1623ቱ መጽሐፍ ያሉትን ነጠላ ሰረዞችና ነጥቦች በአብዛኛው ያኖሩት ጽሑፉን የገለበጡት ሰዎችና ፊደል የለቀሙት የማተሚያ ቤት ሠራተኞች ናቸው። በተለያዩ ጊዜያት የታተመ አንድ ድርሰት በአንዱ እትም በስንኙ መጨረሻ ሰረዝ ሲኖረው በሌላው የለውም። «ሰር ቶማስ ሞር» በተባለው ድርሰት ረቂቅ ውስጥ ብዙዎቹ ሊቃውንት የሼክስፒር እጅ ጽሑፍ ነው የሚሉት ሦስት ገጽ ይገኛል፤ ኤድዋርድ ሞንድ ቶምፕሰን በ1916 ይህንኑ በእጅ ጽሑፍ ምርመራ ደግፎታል። በእነዚህ ገጾች ላይ ያለው ሥርዓተ ነጥብ እጅግ ጥቂት ነው። የጻፈው ሰው ስንኙ ይቁም ወይም ይሻገር የሚለውን በቃሉ አሰካክ ለተዋናዩ ትቶለታል። ከዚያ ወዲህ የተነሡት አሳታሚዎች ግን ለዘመናቸው አንባቢ ነጥቡን እያበዙ ስለሄዱ፥ ከዘመናዊ እትም ላይ ሰረዝ የሚለቅም ቈጣሪ የአሳታሚውን እንጂ የገጣሚውን ልማድ አይለካም።

ከዚህ ጭቅጭቅ የሚያወጣ መንገድ ያገኘው አየርላንዳዊው ጆን ኬልስ ኢንግራም ነው። ኢንግራም በደብሊን የትሪኒቲ ኮሌጅ ምሁር ሲሆን በኢኮኖሚ ታሪክም የታወቀ ነበር። በዚያው በ1874 ለፈርኒቫል ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ ስንኙ መቆሙን ወይም አለመቆሙን መጠየቅ ትቶ ሌላ ጥያቄ አነሣ፤ የስንኙ የመጨረሻ ቃል ምንድን ነው? በእንግሊዝኛ ድምፅ ከቶ ሊያርፍባቸው የማይችሉ ትናንሽ ቃላት አሉ፤ በአማርኛ «ና»፥ «ከ»፥ «ወደ»፥ «ስለ» የምንላቸውን የመሳሰሉ ናቸው። እነዚህን ደካማ ብሎ ጠራቸው። ድምፅ ጥቂት ሊያርፍባቸው የሚችሉትን፥ እንደ ተውላጠ ስምና ረዳት ግሥ ያሉትን፥ ደግሞ ቀላል አላቸው። የአማርኛ ገጣሚ «ስለ» ብሎ ስንኝ ቢጨርስ አድማጭ እንደሚደነግጥ ሁሉ የእንግሊዝኛውም አድማጭ ሳይደነግጥ አልቀረም፤ ልዩነቱ የአማርኛዎቹ መስተዋድዳን ከሚቀጥለው ቃል ጋር የሚጣበቁ በመሆናቸው ነገሩ በእኛ ቋንቋ ጭራሽ እምብዛም አለመሞከሩ ነው።

ውጤቱ ጥርት ያለ ሆነ። በደራሲው የመጀመሪያና የመካከለኛ ዘመን ድርሰቶች ደካማ ቃል በስንኝ መጨረሻ የለም ቢባል ይቀላል። በማክቤዝ ቀላሎቹ 21፥ ደካሞቹ 2 ናቸው። በአንቶኒና ክሊዎፓትራ ግን ድንገት 71ና 28 ይሆናሉ። ኮሪዮሌነስ 60ና 44፥ ሲምቤሊን 78ና 52፥ የክረምት ተረት 57ና 43፥ ማዕበሉ 42ና 25 አላቸው። እዚህ ላይ ቈጣሪው ማን ይሁን ማን ውጤቱ ብዙ አይለወጥም፤ ቃሉ ወይ አለ ወይ የለም። በፈርኒቫል ወገን ከተሠራው ሁሉ ይህ የኢንግራም አጭር ጥናት ነው ዕድሜው የረዘመው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያልተጠበቀ ነገርም ገልጧል፤ ለውጡ እንደ እርጅና ሽበት ቀስ ብሎ የመጣ ብቻ ሳይሆን፥ ከማክቤዝ በኋላ ደራሲው አንድ በር ከፍቶ የገባ ይመስላል። ሼክስፒር ሐሳቡን የስንኙ መጨረሻ ላይ አድርሶ፥ ድምፁን በአየር ላይ አንጠልጥሎ፥ የቀረውን በሚቀጥለው ስንኝ መካከል መስበርን የተማረው ያን ጊዜ ነው።

ለተርጓሚ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌትንና ኦቴሎን ወደ አማርኛ መልሷል፤ ሁለቱም ከዚህ በር በፊት ያሉ ድርሰቶች ናቸው። ከአንቶኒና ክሊዎፓትራ ወዲህ ያሉትን በአማርኛ ስንኝ ለመመለስ የሚነሣ ሰው የሚገጥመው ችግር የተለየ ነው። የአማርኛ ቤት መምታት አድማጩን በየስንኙ መጨረሻ እጁን ይዞ ያስቆመዋል፤ ዋናው ግጥም ደግሞ ልክ በዚያ ቦታ ላይ እንዳይቆም የሚገፋ ነው። ከሁለቱ አንዱ መሸነፉ አይቀርም።

መሣሪያ ሲገኝ ከልኩ በላይ መጠቀም ያለ ነው። ፍሌይ በቍጥሩ ተማምኖ የሼክስፒርን ድርሰቶች ትዕይንት በትዕይንት እየቈረሰ ለሌሎች ደራስያን ያከፋፍል ጀመር፤ ያከፋፈለውንም ደጋግሞ ይለውጥ ነበር። ጆን ሮበርትሰን ከ1922 ጀምሮ ባሳተማቸው መጻሕፍት ከዚህም ርቆ ሄደ። አንዱ ስንኝ ስላልቆመ የእርሱ ነው፥ ሌላው ስለ ቆመ የማርሎ ነው የሚል ፍርድ፥ ገጣሚ እንደ ጉዳዩ አካሄዱን ሊለውጥ እንደሚችል ይረሳል። ንጉሥ በአደባባይ ሲናገርና ሰው በሌሊት ብቻውን ሲጨነቅ በአንድ ዓይነት ስንኝ አይናገሩም። ኤድመንድ ቼምበርስ በ1924 በብሪታንያ አካዳሚ ባደረገው ንግግር ይህን ሁሉ የሼክስፒር መበታተን ብሎ ነቀፈው። ቼምበርስ ቍጥርን አልጠላም፤ በ1930 ባወጣው ታላቅ መጽሐፉ ሠንጠረዦቹን ሰብስቦ አትሟል። የጠላው ቍጥርን ከንባብ መለየትን ነው። ከዚያ በኋላ ማሪና ታርሊንስካያ በ1987ና በ2014 ባሳተመቻቸው ጥናቶች ስንኝ ይቆማል ወይም ይሻገራል የሚለውን ሁለት ሳጥን ትታ በስንኝ ድንበር ላይ ያለውን የቃላት ትስስር በሦስት ደረጃ ለይታ ቈጥራለች፤ ጠባቂ በሆነ ቅጽልና በስሙ መካከል ያለው ትስስር ከሁሉ የጠበቀ፥ በባለቤትና በግሥ መካከል ያለው መካከለኛ፥ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ላይ ያለው የላላ ሆነ። ፈርኒቫልና ኮኒግ የተለያዩት በዚያ በመካከለኛው ላይ ነበር።

ይህ ሁሉ ምን ያህል እንደሚያደርስ የሚያሳየው የሄንሪ 8ኛ ጉዳይ ነው። ይህ ድርሰት በጁን 29 ቀን 1613 ግሎብ በተባለው ቴአትር ቤት ሲታይ የተተኰሰ መድፍ ጣሪያውን አቃጥሎ ቤቱን አወደመ። በ1623ቱ መጽሐፍ በሼክስፒር ስም ብቻ ታትሟል፤ ሁለት መቶ ዓመት ያህልም በዚሁ ስም ተነበበ። በኦገስት 1850 ጀምስ ስፔዲንግ በአንድ መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ድርሰቱ የሁለት ሰዎች ሥራ እንደ ሆነና ሁለተኛው ጆን ፍሌቸር እንደ ሆነ አስታወቀ። ስፔዲንግ ነገሩን ልብ ያለው ገጣሚው ቴኒሰን ከብዙ ጊዜ በፊት ባመለከተው ነገር መነሻነት ነው፤ ይኸውም ከጆሮ የመጣ ጥርጣሬ ነበር። የፍሌቸር ስንኝ አንድ ቀለም በመጨረሻው ላይ አትርፎ፥ እየለዘበ፥ በየመጨረሻው ያርፋል። በዚያ ዘመን የሼክስፒር ስንኝ ግን አያርፍም። በዚያው ወር ሳሙኤል ሂክሰን የተባለ ሌላ ሰው፥ ከስፔዲንግ ጋር ሳይመካከር፥ በተመሳሳይ ትዕይንቶች ላይ ተመሳሳይ ፍርድ መድረሱን ጽፎ ላከ። ሁለቱ ደራስያን አብረው ይሠሩ እንደ ነበር ሌላ ማስረጃ አለ፤ በ1634 የታተመው «ሁለቱ የተከበሩ ዘመዳሞች» በርእስ ገጹ ላይ የሁለቱንም ስም ይዟል። በ2016 በኦክስፎርድ የወጣው የሼክስፒር እትምም ሄንሪ 8ኛን በሁለቱ ስም አስቀምጦታል።

የስፔዲንግ ክፍፍል በአንድ ትዕይንት ላይ በመካከል ይቈርጣል። በሦስተኛው ክፍል ሁለተኛ ትዕይንት ንጉሡ የካርዲናል ዎልሲን ምስጢር ደርሶበት፥ ወረቀቱን ሰጥቶት ይወጣል። እስከዚህ ያለው ስንኝ እየተሰበረ፥ እየተሻገረ፥ ሐሳቡ ከስንኙ ቀድሞ ይሄዳል። ንጉሡ ከወጣ ጥቂት ቈይቶ ዎልሲ ብቻውን ቀርቶ ለክብሩ ሁሉ የስንብት ቃል ያሰማል፤ እዚህ ግን ስንኞቹ አንድ በአንድ እየመጡ፥ በለሰለሰ መጨረሻ እያረፉ፥ እንደ ለቅሶ ዜማ ይቆማሉ። ይህ የስንብት ንግግር በእንግሊዝኛ ትምህርት ቤቶች ለብዙ ዘመን የሼክስፒር ቃል ነው ተብሎ በቃል ሲጠና የኖረ ነው። ስንኙ እንደሚመሰክረው ከሆነ ግን የጻፈው ጆን ፍሌቸር ነው።